የብርቄ ጣቶች

(በአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አስተባባሪው ታፈረና በዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አብራው ያደገችው መምህርት እናኑ፣ ሁለቱም ዓይነ ስውራን፣ በር ዘግተው ይከራከራሉ።)

እናኑ፦ አልቀመጥም አልኩዎት እኮ። የመጣሁበትን ቆሜ ተናግሬ እሄዳለሁ።

ታፈረ፦ እንዴ! ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትይኝ?

እናኑ፦ ጸሐፊዎ «አቶ ታፈረ ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ካስቆመችኝ ወዲህ። ስብሰባው ደግሞ ሬዲዮ ነበረው። የእግር ኳሱ ወሬ ሲያልቅ ስብሰባውም ተበተነ።

ታፈረ፦ ያ ጆሮሽ አሁንም አልደከመም።

እናኑ፦ ምን ሥራ ሰጣችሁትና ይደክማል?

ታፈረ፦ በይ ተቀመጪ በእናትሽ። ወንበሩ በስተቀኝሽ ነው። ቀስ በይ፣ አንዱ እግሩ ይወላገዳል።

እናኑ፦ የባለጉዳይ ወንበር ነዋ። ይኸው ተቀመጥኩልህ። ደስ አለህ?

ታፈረ፦ አንተ ስትይኝ ደስ አለኝ። ውጤቱን ሰምተሻል ማለት ነው።

እናኑ፦ ሰምተሻል ትለኛለህ? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ መስታወት ውስጥ ቆልፋችሁ ነው የለጠፋችሁት። የዓይነ ስውራን መምህር ለመቅጠር ዓይነ ስውር ታወዳድሩና ውጤቱን በመስታወት ትቆልፉበታላችሁ። በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ለምኜ አስነበብኩ። «የኔ ልጅ፣ ስምሽ ሁለተኛ ላይ ነው፤ ሁለተኛም ጥሩ ነው» ብለው አጽናኑኝ።

ታፈረ፦ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ነበርሽ እኮ።

እናኑ፦ እሱንም ነግረውኛል። በጽሑፍ አንደኛ፣ በተግባር ሁለተኛ። ተወዳዳሪው ስንት ነበር? ሁለት።

ታፈረ፦ እናኑ…

እናኑ፦ የተግባር ፈተናው ላይ አንተም ነበርክ። አንድ ቃል አልተነፈስክም፤ ሳልህን ግን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ትዝ ይልሃል? «ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ትችያለሽ ወይ?»

ታፈረ፦ ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው። ማንም መምህር ይጠየቀዋል።

እናኑ፦ እኔም «ለማን ነው የምጽፈው?» አልኳቸው። ልጆቹ አያዩ፣ እኔ አላይ፤ ለግድግዳው ነው እንዴ ጠመኔ የማባክነው?

ታፈረ፦ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

እናኑ፦ ግን አልሳቅክም።

ታፈረ፦ አልሳቅኩም።

እናኑ፦ ቀጥሎ ያ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መጣ። «ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቢጣሉ በምን ታውቂያለሽ?» ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ሲጣላ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔና አንተ ስንጣላ መምህር ስንሻው ከግቢው ማዶ ሆነው «ታፈረ፣ ልቀቃት! እናኑ፣ አትንከሺው!» ይሉ አልነበር?

ታፈረ፦ እሳቸውማ ሌላ ናቸው።

እናኑ፦ ምናቸው ነው ሌላ? እንደ እኔና እንደ አንተ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። ከክፍሉ ጥግ ተቀምጠው የብሬል መውጊያው ስታይለስ ወረቀቱን ሲወጋ ብቻ ሰምተው «አራተኛዋን ነጥብ ዘለልካት፣ ተመለስ» ይሉህ ነበር። ዛሬ ይህን ወንበር ያገኘኸው ያቺን ነጥብ ስላስመለሱህ ነው።

ታፈረ፦ ይህን ማን ካደ?

እናኑ፦ አልካድክም። እኔም ልወቅስህ አልመጣሁም። አቤቱታ በሰው እጅ አስጽፌያለሁ፤ ይኸው እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬ የአቤቱታ ጊዜው የሚያበቃበት አምስተኛ ቀን ስለሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዝገብ ቤት ካልገባ አይቀበሉኝም። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኃላፊው ጋ ግባና «ይህቺ ሴት እውነቷን ነው» በልልኝ።

ታፈረ፦ አንደኛ የወጣው አድማሱ የቅጥር ደብዳቤውን ጠዋት ወስዷል። እስከ ዛሬ ጊዜያዊ ነበር፤ አሁን ቋሚ ሆኗል።

እናኑ፦ የወሰደውን እኮ መመለስ ይቻላል።

ታፈረ፦ በዚህ መሥሪያ ቤት? አንድ ጊዜ ቋሚ የሆነን ሰው? አንቺ ደግሞ!

እናኑ፦ እሺ፣ ሞክርልኝ። ስድስት ዓመት ምን ስሠራ እንደኖርኩ ታውቃለህ? እዚያ ገጠር ሲመድቡኝ የአማርኛ መምህርት ብለው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ልስጣት አልስጣት ሲል ሁለት ሳምንት ፈጀበትና «ቤተ መጻሕፍቱን ጠብቂልን» አለኝ። ጠበቅኩለት። አንዱንም ማንበብ የማልችለውን መጽሐፍ ጠበቅኩለት። ተማሪ ሲመጣ «ሦስተኛው መደርደሪያ ነው» እለዋለሁ፤ ገብቶ ያነሳል። ምን እንዳነሳ አላውቅም። ተረት ይሁን ሂሳብ አላውቅም። ሰው ደግሞ «ተቀምጠሽ ትበያለሽ፣ ምን ጎደለብሽ?» ይለኛል።

ታፈረ፦ ስንቶቻችን እንደዚያ ነን እናኑ። በየትምህርት ቤቱ ጓዳ የተቀመጡ አሥራ አራት ዓይነ ስውራን መምህራን አሉኝ። አንዱ ደወል ይደውላል። አንዷ ቁልፍ ትይዛለች።

እናኑ፦ ታዲያ ባደግንበት አዳሪ ትምህርት ቤት ያሉ አርባ ሦስት ልጆች መምህር አጥተው ይንከራተታሉ!

ታፈረ፦ መምህር አላቸው። አድማሱ አላቸው።

እናኑ፦ አድማሱ ደግ ሰው ነው፤ አልዋሽህም። ሳሙና ከኪሱ ይገዛላቸዋል። አንዷ ሲያማት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አድርሷታል። ግን ብሬል አያውቅም።

ታፈረ፦ ሥልጠና ወስዷል።

እናኑ፦ አሥር ቀን። ራሱ ነው የነገረኝ። ለሃያ ሰልጣኝ ሁለት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ነበራቸው፤ እሱን ተራ የደረሰው በስምንተኛው ቀን ነው።

ታፈረ፦ እናኑ፣ ዳምጤን ረሳሽው?

እናኑ፦ ዳምጤን ምን አመጣው?

ታፈረ፦ እኔ ነኝ ያስቀጠርኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እዚሁ ስብሰባ አዳራሽ፣ ጠረጴዛ ደብድቤ። «መምህር ስንሻው እያረጁ ነው፤ ከሥራቸው አንድ ወጣት ዓይነ ስውር መምህር ይግባ» ብዬ። በአራተኛው ወር አንድ ተማሪ ጉድጓድ ገባ።

እናኑ፦ ጉድጓዱ ለመጸዳጃ ቤት የተቆፈረ ነው። ክዳን ሳያበጁለት ጥለውት ሄዱ። ዘበኛው ያየዋል፣ ምግብ አብሳዮቹ ያዩታል፣ ርዕሰ መምህሩ ያየዋል። የሚያይ ሰው ሁሉ በየቀኑ ዞሮት ያልፍ ነበር።

ታፈረ፦ አውቃለሁ።

እናኑ፦ የልጁ እግር ሲሰበር ግን የተጠየቀው የማያየው ሰው ነው።

ታፈረ፦ አውቃለሁ አልኩሽ! ቃለ ጉባኤውን በቃሌ ልውጣልሽ? «መምህሩ ባለባቸው የተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት አደጋውን መከላከል ባለመቻላቸው።» ሳነበንበው ነው የማድረው። ዳምጤ ዛሬ ከእናቱ ቤት አይወጣም። ስደውል እናቱ ናቸው የሚያነሱት። «ተኝቷል ልጄ» ይሉኛል። ጠዋት ብደውል ተኝቷል፤ በምሳ ሰዓት ብደውል ተኝቷል።

እናኑ፦ ሄደህ ጠይቀኸዋል?

ታፈረ፦ ምን ብዬ? ከዚያ አደጋ በኋላ ክበብ ውስጥ ሻይ ስጠጣ ከኋላዬ ያሉትን እሰማለሁ። «ታፈረ ወገኖቹን ሰብስቦ ልጆቹን ሊያስጨርስ ነበር» ይላሉ። ዝቅ አድርገው የተናገሩ ይመስላቸዋል። ሰው ዓይነ ስውር ሲያይ ደንቆሮም ይመስለዋል መሰለኝ።

እናኑ፦ ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንዳልገናኝ ያስከለከልከኝ?

ታፈረ፦ እኔ? መቼ?

እናኑ፦ መምህር ስንሻው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አስነብባቸው ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይከፍለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አድማሱን «ይህን የአጻጻፍ ነገር እየተሳሳትክባቸው ነው» አልኩት። ድምፁ ተለወጠ። አፈረ መሰለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘበኛው በር ላይ አቁሞ ደብዳቤ አነበበልኝ። «ፈቃድ የሌላቸው ግለሰቦች የመማር ማስተማሩን ሥራ እንዳያውኩ።» ማን ፈረመው አልኩት። «አቶ ታፈረ» አለኝ።

ታፈረ፦ ደብዳቤ በቀን ሃያ ይመጣልኛል። ጸሐፊዋ ርዕሱን ብቻ ታነብልኛለች። «የግቢ ጥበቃን ይመለከታል» ብላኝ ይሆናል።

እናኑ፦ እኔ ነበርኩ የግቢው ስጋት።

ታፈረ፦ አላወቅኩም። ብትፈልጊ እምልልሻለሁ።

እናኑ፦ አትማል። እጅህን ዘርጋ።

ታፈረ፦ ምንድነው?

እናኑ፦ የዚያን ቀን ድምፄን ሰምታ አንዲት ልጅ በበሩ ፍርግርግ ያቀበለችኝ ወረቀት ነው። ብርቄ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። አንብበው።

ታፈረ፦ እስቲ… ይህ ፊደል አይደለም።

እናኑ፦ ፊደል ነው።

ታፈረ፦ እናኑ፣ ወንበር ላይ ብወጣም ብሬል አልረሳሁም። ይህ ዝም ብሎ የተወጋጋ ወረቀት ነው። እዚህች ጋ «ው» አለች፤ ከዚያ ምንም ያልሆነ ነገር፣ ከዚያ ደግሞ… አይ፣ ምንም አይልም።

እናኑ፦ ከቀኝ ጀምርና ወደ ግራ ሂድ። እያንዳንዷን ፊደል ደግሞ በሐሳብህ ገልብጣት። በስተግራ ያለችውን ነጥብ በስተቀኝ አድርጋት። ያቺ «ው» ያልካት «ር» ናት።

ታፈረ፦ ከቀኝ?

እናኑ፦ ከቀኝ።

ታፈረ፦ እ… ማ… ዬ። «እማዬ።» ቆይ… «ደህና ነኝ።» ቆይ ቆይ። «ክረምት… ሲ… መጣ…» አይ፣ ጠፋብኝ። «ሲመጣ ነይና… ውሰጂኝ።»

እናኑ፦ ከታች ስሟ አለ። «ብርቄ።»

ታፈረ፦ አዎ። ለምን እንዲህ አድርጋ ጻፈችው?

እናኑ፦ እንዲህ ነዋ የተማረችው! እኛ ስንጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምንወጋው፤ ነጥቡ የሚያብጠው ከጀርባ ስለሆነ ወረቀቱን ስንገለብጠው በጣት ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አድማሱ ግን ልክ በእስክሪብቶ እንደሚጻፈው ከግራ ጀምረው እንዲወጉ አደረጋቸው። ተገልብጦ ሲነካ ሁሉም ነገር የኋልዮሽ ነው።

ታፈረ፦ ሲያርምላቸው አያየውም ታዲያ?

እናኑ፦ ችግሩ ማየቱ ነው! ወረቀቱን ሳይገለብጥ ከላይ ቀዳዳውን ያያል። ከላይ በዓይን ሲታይ ልክ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ቁጭ ነው። በጣቱ ነክቶት አያውቅም። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አለ፤ አስነብቤዋለሁ።

ታፈረ፦ ምን ይላል?

እናኑ፦ አሥር ከአሥር።

ታፈረ፦ ባለፈው ሰኔ ሪፖርት ጽፌያለሁ። «የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የብሬል ተማሪዎች መቶ በመቶ አልፈዋል።» ዞኑ የምስጋና ደብዳቤ ላከልን። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ብለውኛል፤ ከጀርባዬ መሰለኝ።

እናኑ፦ መቶ በመቶ አልፈዋል። አንዳቸውም የጻፉትን አንብበው አያውቁም። ብርቄ ያን ቀን በበሩ ውስጥ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?

ታፈረ፦ ባትነግሪኝስ?

እናኑ፦ «እትዬ፣ ጽፌ ሳበቃ መልሼ ብነካው ምን እንዳልኩ አላውቅም። መምህራችን ግን ጎበዝ ነሽ ይለኛል። ጣቶቼም ታወሩ እንዴ?» አለችኝ።

ታፈረ፦ ኧረ በሕግ!

እናኑ፦ ጣቶቿን በቅቤ ታሻቸዋለች አሉ። ሌሎቹ ልጆች ነግረዋት ነው፤ ቅቤ ያድናል ብለው። ከምሳዋ ላይ ቀንሳ ነው። ታፈረ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ላይ ዓይኔ ሲጠፋ ዘመድ ሁሉ አለቀሰ። መምህር ስንሻው ብቻ ናቸው «ጣት አለሽ አይደል? በቂ ነው» ያሉኝ። ያንን ነው የቀሟት። አሁን ተነስና ኃላፊው ቢሮ ግባ። እኔን መቅጠሩን ይተወው፤ ይህን ወረቀት ብቻ አሳየው።

ታፈረ፦ ኃላፊው ጋ መግባት ዋጋ የለውም።

እናኑ፦ ለምን?

ታፈረ፦ ኃላፊው ድምፁን ለአንቺ ነው የሰጠው።

እናኑ፦ ምን?

ታፈረ፦ ኮሚቴው ውስጥ አምስት ነበርን። ኃላፊውና የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ ላንቺ፤ ርዕሰ መምህሩና የሰው ኃይል ሠራተኛው ለአድማሱ። ሁለት ለሁለት ሆነ።

እናኑ፦ አምስተኛውስ? አምስተኛው ማን ነበር ታፈረ?

ታፈረ፦ አምስተኛው ያ የሳለው ነው።

እናኑ፦ መስኮቱን ክፈተው።

ታፈረ፦ ክፍት ነው።

እናኑ፦ ማን አስገደደህ?

ታፈረ፦ ማንም። ኃላፊው እንዲያውም «አቶ ታፈረ፣ የአንተን እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ይታወቃል» ብሎ ሊዘጋው ነበር። እኔ ነኝ «አይ፣ እኔም ድምፅ አለኝ» ያልኩት።

እናኑ፦ እግዚአብሔር ያሳይህ!

ታፈረ፦ ስሚኝ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ። አድማሱ ቢሳሳት አንድ አድማሱ ነው የተሳሳተው። ሌላ አድማሱ ይመጣል። አንቺ ብትሳሳቺ ግን የምንሳሳተው ሁላችንም ነን። አንድ ልጅ አደናቅፎት ጥርሱ ቢሰበር «አላልንም?» ይሉና በዚህ ወረዳ ዳግመኛ ዓይነ ስውር መምህር አይቀጠርም። ደወል የሚደውለውን እንኳ ያስወጡታል። ዳምጤን ደግሜ መቅበር አልችልም።

እናኑ፦ እኔ ገና አልተሳሳትኩም እኮ።

ታፈረ፦ አውቃለሁ።

እናኑ፦ ገና አንድ ቀን እንኳ ክፍል ይዤ አላስተማርኩም። ገና ለገና ትሳሳታለች ብለህ ብሬል የማያውቀውን ሰው ሾምክባቸው። የሚያዩት ሁለቱ አመኑኝ፤ አብረኸኝ ያደግከው አንተ ፈራኸኝ።

ታፈረ፦ አንቺን አልፈራሁም።

እናኑ፦ ቃለ ጉባኤው ምን ይላል? እሱንም በቃልህ ይዘኸዋል?

ታፈረ፦ «የዘርፉ ባለሙያ ራሳቸው ዓይነ ስውር በመሆናቸው አስተያየታቸው ሚዛን ደፍቷል።»

እናኑ፦ ጥሩ ተጽፏል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ በየትኛውም ወረዳ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ሲያመለክት ይህቺን ያነቡለታል። «እናንተው ናችሁ ያላችሁት» ይሉታል።

ታፈረ፦ ይህን አላሰብኩትም።

እናኑ፦ ምን አስበህ ነበር?

ታፈረ፦ ይህን ወንበር። ልዋሽሽ አልችልም። እኔ ከዚህ ብነሳ በዚህ መሥሪያ ቤት አንድም ዓይነ ስውር አይኖርም ብዬ ነው።

እናኑ፦ አሁንስ አለ? ልሂድ። መዝገብ ቤቱ በየት በኩል ነው?

ታፈረ፦ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ በስተግራ ሁለተኛው በር። ቆይ እናኑ። የሚሆነውን ልንገርሽ፤ ይህን እንኳ ከእኔ እወቂው። አቤቱታሽን ይቀበሉሻል፤ ማኅተም ይመቱበታል። ከዚያ መልሶ የሚያየው ያው ኮሚቴ ነው። ቃለ ጉባኤውን አውጥተው ባለሙያው ያሉትን ያነባሉ፤ ውድቅ ነው ይሉሻል። ወደ ዞን ብትሄጂ ወደ ክልል ይልኩሻል፤ ክልል ዓመት ይፈጃል። አድማሱን ማንም አይነካውም። ብርቄ አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ አሥር ከአሥር እያገኘች።

እናኑ፦ አውቃለሁ።

ታፈረ፦ ካወቅሽ ለምን ታስገቢዋለሽ?

እናኑ፦ የዚያች ልጅ ጣቶች ደህና እንደሆኑ አንድ ቦታ ተጽፎ እንዲቀመጥ። ሌላ ምንም አልጠብቅም። አንድ ቀን አንድ ሰው ፋይል ሲያገላብጥ ያገኘው ይሆናል፤ ላያገኘውም ይችላል። እሷ እንኳ አታነበውም። ግን ይጻፍ።

ታፈረ፦ እኔስ ምን ልሁን?

እናኑ፦ አንተማ ተቀመጥ። ወንበርህ እግሩ አይወላገድም።

ታፈረ፦ ስትሰድቢኝ ይሻለኛል። ጮክ ብለሽ ስደቢኝ።

እናኑ፦ ለስድብ የሚበቃ ጉልበት የለኝም። አቤቱታውን ልሰጣቸው፣ ነገ ደግሞ ወደዚያው ወደ ገጠሬ ልመለስ። ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው።

ታፈረ፦ ስንት ሰዓት ሆነ? ቆይ፣ ሰዓቴ ይናገራል… ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ወረቀቱን ስጪኝ።

እናኑ፦ የብርቄን? አልሰጥህም።

ታፈረ፦ የአንቺን። አቤቱታሽን።

እናኑ፦ ለምንህ?

ታፈረ፦ አብሬሽ እፈርማለሁ። «ድምፅ የሰጠው ሰውዬ ራሱ ከአመልካቿ ጋር ፈረመ» ይበሉ።

እናኑ፦ ታፈረ፣ ያስወጡሃል።

ታፈረ፦ ያስወጡኝ። ደወል የሚደውለው ሰውዬ ጓደኛ ያገኛል።

እናኑ፦ ደግሞም አይጠቅመንም። አሁን ራስህ ነገርከኝ እኮ።

ታፈረ፦ አይጠቅመንም። አድማሱም አይነሳም፣ አንቺም አትገቢም። ግን ያንን ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ይህንንም ያንብበው። አምጪው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ደጋግሜ ካሰብኩበት እፈራለሁ።

እናኑ፦ እንካ። አትጨብጠው፣ ይጨማደዳል። ጸሐፊህን ልጥራት?

ታፈረ፦ እሷን ከጠራን ኃላፊው ከእኛ ቀድሞ ይሰማል። ይኸው እስክሪብቶውን ይዣለሁ። በይ ካንቺ ፊርማ ሥር፣ ጣቴን ቦታው ላይ አድርጊልኝ።

እናኑ፦ ታፈረ… እኔም እኮ አላይም።